ባቡሬ በወንድሜ ኮሶ ሥር ሲያልፍ

ዋሾ ሰው የእጅ ሙያ መልመድ የለበትም። ጽፌዋለሁ፤ አልሰርዘውም። አፍ ጌታውን ያውቃል፤ ዋሽ ሲሉት ይዋሻል፣ ማል ሲሉት ይምላል። እጅ ግን ሞኝ ነው፤ ያየውን ይሠራል። ስለዚህ አንባቢዬ፣ በሆድህ የደበቅከው ነገር ካለ ቁጭ ብለህ ጠላህን ጠጣ፣ ሰው እማ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አማርር፤ ብቻ ከእንጨትና ከኮላ ራቅ። እኔ አልራቅኩም... ያገኘኝን ልንገርህ።

እንጅባራ መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር፣ አልጋና መደርደሪያ እየሠራሁ የምሸጥ ሰው ነኝ። ስልሳን ተሻግሬያለሁ። ቤቴ ውስጥ ባቡር አለኝ። አዎ፣ ባቡር። በአዊ ምድር ባቡር ከየት መጣ ካልከኝ፣ ከእኔ እልህ። በወጣትነቴ ሥራ ፍለጋ ድሬዳዋ ወርጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ከባቡር ላይ ጆንያ ሳወርድ ነበር። ሌላው ሰው ከባቡር ሲወርድ ከሩቅ አገር እየመጣ ነው፤ እኔ ስወርድ ግን ጆንያ ተሸክሜ ነው። አንድ ቀን እንኳ ተሳፍሬ አልሄድኩም። ያ ነገር በሆዴ አርባ ዓመት ተቀመጠና በስተርጅና ወጣ። የሌላው ሰው ቁጭት ደም ግፊት ሆኖ ይወጣል፤ የእኔ በሐዲድ ወጣ።

ሐዲዱን ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ሠራሁት። ፉርጎው የሰርዲን ቆርቆሮ ነው፤ ጎማው የለስላሳ ቆርኪ። ሞተሩን ከሞተ ቴፕ ውስጥ ፈልቅቄ አወጣሁና ሁለት የባትሪ ድንጋይ አጎረስኩት። መሬቱ ደግሞ ገዢ ያጣ የቀርከሃ አልጋ ነው። ራስጌው እንጅባራ፣ ግርጌው ጥሊሊ፣ መሐሉ ዘንገና። ባቡሩ ከራስጌ ይነሳና ግርጌ ደርሶ ዞሮ ይመጣል። እንግዲህ በዚህ አገር ተነስቶ በሰዓቱ የሚመለስ መጓጓዣ ይኼ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ባለቤቴ ጥሩወርቅ አጠገቤ ቆማ ሦስት ዙር ሙሉ አየችው። ያደነቀች መስሎኝ ነበር።

"ባቡሩስ ይሂድ፤ ግን ምን እያየ ነው የሚሄደው?" አለችኝ።

"ባቡር አያይም።"

"የተሳፈረውስ?"

"የተሳፈረ የለም።"

"ታዲያ ራቁቱን አልጋ ለምን ይዞራል? ፍራሽ የጠፋበት ሰው ይመስላል።"

እኔ ስድብ እችላለሁ፤ እውነት የሆነ ስድብ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። እውነቷን ነበር። ሐዲድ አለ፤ አገር የለም። ስለዚህ አገር ለመሥራት ተነሳሁ።

መጀመሪያ ሣር። የእንጨት ብናኝ በአረንጓዴ የግድግዳ ቀለም ለውሼ በተንኩት። ጥሩወርቅ አሽትታ፣ "ሽሮው ሻግቷል" አለች። ጠረግኩት። ቀጥሎ ዘንገና ወርጄ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለውን ሽበት በቢላ እየገሸለጥኩ አመጣሁ። እሱ ሣር ሆነ፤ ማመን ያቃታቸው ሁለት ጉንዳኖችም አብረው መጡ። ለከሰል የሚተከለውን የዲከረንስ ዛፍ ከደረቀ እንስላል ሠራሁት። እዚህ አገር ዲከረንስ ከሌለ ማንም አገሩ ነው ብሎ አያምንልህም፤ ገበሬው ሁሉ ማሳውን ከሰል አድርጎታል። ስለዚህ ከሰል ማክሰያ ጨመርኩና ከላዩ ላይ የጥጥ ጭስ ሰቀልኩበት። ሚኒባሷን ከክብሪት ቀፎ ሠርቼ ረዳቱን በሩ ላይ አንጠለጠልኩት። ፈረስም ሞክሬ ነበር፤ ከሽቦ። አንበጣ መሰለ። ከፈረስ አገር ሰው እንዲህ ያለ ፈረስ መውጣቱ ስለሚያሳፍር ከዛፍ ጀርባ አቆምኩት።

ዘንገና ሐይቅን ምን ላድርገው ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። በመጨረሻ የጥሩወርቅን ክብ መስተዋት ወሰድኩ።

"ፊቴን በምን ልየው?" አለችኝ።

"ዘንገና አለልሽ" አልኳት፣ አልጋውን እያሳየሁ።

ከዚያ ወዲህ ነጠላዋን የምታስተካክለው ጥሊሊና እንጅባራ መካከል አጎንብሳ ነው።

አገሬ እንዲህ አምሮ አንድ ነገር ቀረው፤ የማሳው አፈር። የእኛ አፈር ቀይ ነው፤ ግን ቀይ ብቻ አይደለም። ቀለም ደባለቅኩ፣ ሸክላ ፈጨሁ፣ አልመጣ አለ። እውነተኛው መቼም እውነተኛ ነው ብዬ አንድ ቅዳሜ በባጃጅ ዘንገና ድረስ ሄጄ፣ ከዚያ በእግሬ አባቴ ማሳ ደረስኩ። ማሳው መሐል ከቆመው ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ተንበርክኬ በፌስታል አፈር ሞላሁ። ከገበያ የምትመለስ ሴት አየችኝ። "እንደምን ዋልሽ" አልኳት። እሷም "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ አለፈች። እግሯ አለፈ፤ አፏ ግን አላለፈም።

እዚህ ላይ ስለ አንለይ መናገር አለብኝ።

አንለይ ታናሽ ወንድሜ ነው። አባታችን ስሙን ሲያወጣለት እንዳንለያይ ብሎ ነበር፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ሳንነጋገር ኖርን። አባታችን በሕይወት ሳለ መሬቱን ለሁለት ከፍሎ፣ ምዕራቡን ለእኔ፣ ምሥራቁን ለእሱ ሰጥቶ፣ መሐል ላይ የወሰን ድንጋይ ጣለ። ድንጋዩ የነበረው ከዚያው ኮሶ አጠገብ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ አንድ ክረምት ጎርፍ መጥቶ ድንጋዩን ወሰደው። ጎርፉ ለአንዳችንም አላዳላም፤ ጠቡን ግን እኩል አካፈለን። አንለይ "ድንጋዩ ከኮሶው ወዲህ፣ በአንተ በኩል ነበር፤ ኮሶው የእኔ ነው" አለ። እኔ "ከኮሶው ወዲያ፣ በአንተ በኩል ነበር፤ ኮሶው የእኔ ነው" አልኩ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ይኼ ነው፤ አንድ ኮሶና ሁለት ትልም።

በእኛ ሰፈር ወሰን ሲጠፋ ሽማግሌ ብዙ አይመረምርም። አዲስ ድንጋይ ይመጣል። "አንተ ታላቅ ነህ፤ ታውቃለህ። በእጅህ ጣለው" ይባላል። በእጅ የተጣለ ወሰን መሐላ ነው። በሐሰት የጣለው እጅ የዘራው አይበረክትም ይባላል። ሽማግሌ ሆነው የመጡት መምሬ ይሁኔ ናቸው፤ ለእኔም ለአንለይም የንስሐ አባታችን። ድንጋዩን ተሸክሜ ከኮሶው ወዲያ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ልጥለው ጎንበስ አልኩና...

"ወገቤን አመመኝ" አልኩ። ድንጋዩን ወዳመጣሁበት መለስኩት።

"ታዲያ መቼ ይሻልሃል?" አሉኝ መምሬ።

"ፍርድ ቤት ይሻለኛል" አልኳቸው።

ፍርድ ቤት ግን የይዞታ ደብተርህን አምጣ ይላል፤ ደብተር ደግሞ ማንበብ ይጠይቃል። አንለይ የተማረ ነው። እኔ ፊደል አላውቅም ነበር። ስለዚህ በሃምሳ ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ሌላው ሰው ፊደል የሚቆጥረው መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ነው፤ እኔ ወንድሜን ለመርታት ቆጠርኩ። ሁለት ዓመት ለፍቼ አረንጓዴውን ደብተር ራሴ ገልጬ ወሰን የሚለው ላይ ደረስኩ። ስንት ክንድ፣ ስንት እርምጃ የሚል የለበትም። "በምሥራቅ፦ አንለይ" ይላል። በቃ። ሁለት ዓመት ተምሬ ያነበብኩት የወንድሜን ስም ነው። ፍርድ ቤቱም በሽማግሌ ጨርሱ ብሎ መለሰን። እኛም በዝምታ ጨረስነው። በለቅሶ ቤት እንኳ ስንገናኝ እሱ ድንኳን ውስጥ ከሆነ እኔ ደጅ ነኝ።

ወደ አፈሩ ልመለስ። አፈሩን ነፋሁት፣ በተንኩት፣ ትልሙን በሹካ አወጣሁ። አቤት ማማሩ። ኮሶውን ከእውነተኛ የኮሶ ቅርንጫፍ ቆርጬ አቆምኩት። ከአጠገቡ ከባቄላ የምታንስ ጠጠር በወረንጦ ይዤ በኮላ አጣበቅኳት። ያን ቀን እንደ ሕፃን እያፏጨሁ ነው የሠራሁት። ጥሩወርቅም "ስታፏጭ የሰማሁህ ከሠርጋችን ወዲህ ዛሬ ነው" አለች።

በማግሥቱ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በር ተንኳኳ። መምሬ ይሁኔ ጃንጥላቸውን ይዘው ገቡ። ከኋላቸው ደግሞ አንለይ። ጥሩወርቅ የያዘችውን ሰፌድ ደረቷ ላይ አስደግፋ ቀረች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይኼን ደፍ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ተቀመጡ። አንለይ ግድግዳውን እያየ ተናገረ።

"መምሬ፣ አፈሬን በፌስታል ጭኖ ለምን እንደወሰደ ይጠይቁልኝ።"

"ሰምተሃል?" አሉኝ መምሬ።

"መምሬ፣ አፈሩ የማን እንደሆነ ገና አልተፈረደም ይበሉልኝ።"

"ሰምተሃል?" አሉት።

"ጠንቋይ ቤት ወስዶት እንደሆነ ደግሞ ይንገረኝና ልጆቼን ጠበል ላስጠምቅ ይበሉልኝ።"

ጠንቋይ? እኔ? ያችን የገበያ ሴት በልቤ ረገምኳት። ግን እስቲ አስበው፤ ወሰን የተካሰስክበት ሰው ከወሰኑ ላይ ተንበርክኮ አፈር በፌስታል ሲጭን ብታይ አንተስ ለአሻንጉሊት ነው ትላለህ?

"መምሬ፣ እኔ ጠንቋይ የምቀልብበት ትርፍ ዶሮ የለኝም ይበሉልኝ።"

"እናንተ ሰዎች" አሉ መምሬ፣ "በክንድ ርቀት ተቀምጣችሁ እኔን ስልክ አደረጋችሁኝ። ኔትወርኩ ደክሟል። አፈሩ የት አለ?"

ተነሳሁና አልጋው ላይ የነበረውን አንሶላ ገለጥኩት። ባቡሩንም አስነሳሁት።

ኩራት ክፉ ነው አንባቢዬ። በዚያች ሰዓት ጠቡንም አፈሩንም ረሳሁት። መምሬ ጎንበስ ብለው ከቆርቆሮ የሠራሁትን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ተሳለሙ። "የደጁን ዋርካ ረስተኸዋል እንጂ እኛው ነን" አሉ። እኔ ያንን እንደ ሽልማት ቆጠርኩት። ባቡሩ ዘንገናን ዞሮ፣ ከሰሉን አልፎ፣ በኮሶው ሥር እየተንሻከከ ሄደ። አንለይ ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ ተጠጋ። ቀስ ብሎ አጎነበሰ። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። አድርጎም የኮሶውን ሥር አየ።

"መምሬ፣ ይምጡ እስቲ። ይህቺ ጠጠር ምንድን ናት ይበሉልኝ።"

"የአባታችን ድንጋይ ናታ" አልኩ፣ ጥያቄው በመምሬ በኩል እስኪመጣ እንኳ ሳልጠብቅ። "ቅርጿን ልክ እንደነበረች ያዝኩት። በልጅነታችን ቁርስ ስንበላ እኔ የምቀመጠው እሷ ላይ ነበር። ጠዋት ፀሐይ በአንለይ በኩል ስትወጣ የኮሶው ጥላ ልክ እሷ ላይ ይወድቅ ነበር። ለዚያ ነው ከኮሶው ወዲህ ያደረግኳት። ወዲያ ብትሆንማ ጥላው እንዴት አድርጎ..."

ጥሩወርቅ ሰፌዱን ፊቷ ላይ አደረገች።

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ያ በሬ እኔ ነኝ። ሣሩንም ራሴ ነኝ የገሸለጥኩት፤ ገደሉንም ራሴ ነኝ በኮላ ያጣበቅኩት።

መምሬ ቀና አሉ። "ከኮሶው ወዲህ ነው ያልከው?"

"እ... እንዲያምር ነው፣ መምሬ።"

"ማን ነው የጣላት?"

"እኔ።"

"በእጅህ?"

"በወረንጦ ነው፣ መምሬ። በእጄ አልነካኋትም።"

"ወረንጦውን ማን ያዘው?"

አንለይ በአገውኛ አጉረመረመ። እሱ ሲናደድም ሲስቅም ወደ አገውኛ ነው የሚገባው፤ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። መምሬ ክንዱን ይዘው "ና ደጅ እንመካከር" አሉት። ጥሩወርቅ ጠላ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ገባች። እኔና አገሬ ብቻችንን ቀረን።

አሁን ልብ በልልኝ። በኮሶውና በጠጠሯ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ክብሪት እንጨት ውፍረት ነው። ጠጠሯን ከዚህ አንስቼ ከኮሶው ወዲያ ባደርጋት ማን ያያል? "መምሬ፣ ዓይንዎ ደክሟል" እላለሁ። አንለይ ቢናገር ድሮም ባለጋራዬ ነው። ወረንጦውን አነሳሁ። ጠጠሯን ያዝኩ። ሳብኩ።

ኮላው የቀርከሃ ኮላ ነው። እኔ ወንበር የማጣብቅበት። ደንበኞቼ ሁሉ የሚመሰክሩለት። እሱ ከያዘ አይለቅም። ጠጠሯ አልወጣችም፤ ሽበቱ ወጣ። ሽበቱን ተከትሎ አፈሩ ወጣ። አፈሩ ኮሶውን ይዞ ተነሳ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ለእኔ ነው። መቼም አሁን ልልቀቀው ብል ግማሽ ማሳ ተንጠልጥሏል፤ ልጎትት ብል የዘንገና ዳር አብሮ ይነሳል። ጎተትኩ። መስተዋቱ ቀና አለ። በዚህ መሐል ባቡሩን ማጥፋት ረስቼ ነበር። ያ በሰዓቱ የሚመጣ ባቡር በሰዓቱ መጣ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ደረሰ፤ ሰርዲኑ ተንጋደደ፤ ሦስቱም ፉርጎዎች ተከታትለው ዘንገና ገቡ። ሞተሩ ውኃ የሌለበት ሐይቅ ላይ ተገልብጦ ሲጮኽ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ሁለቱም እየሮጡ ገቡ። ጥሩወርቅም ማሰሮ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። እኔ መሐል ቤት ቆሜአለሁ። በእጄ የወንድሜ ማሳ አለ። ከነኮሶው።

አፌ የለመደውን ሰበብ ሊያወጣ ተከፈተ፤ እጄ ግን ማሳውን እንደያዘ ነው። ያኔ ነው ለአሥራ አንድ ዓመት ለራሴም ያልነገርኩት ነገር የመጣልኝ። ልጆች ሳለን አባታችን አንዱን ትምህርት ቤት መላክ፣ ሌላውን ለእርሻ ማስቀረት ነበረበት። አንለይ ደብተር ይዞ ሄደ፤ እኔ ሞፈር ይዤ ቀረሁ። ፊደሉን እሱ ወሰደ፤ እንግዲያውስ ኮሶውን እኔ ልውሰድ አልኩ። ይኼው ነው። ድንጋዩ የት እንደነበረ አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። ተቀምጬበት ያደግኩት ድንጋይ እኮ ነው።

አንለይ እጄን አየ። ጉድጓዱን አየ። ከዚያ መምሬን አላያቸውም። እኔን አየኝ።

"ጋሼ" አለ፣ "ኮሶው አጥሮ ነበር። እንኳን ነቀልከው።"

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይኼ ነው። አላቀፈኝም፤ አልወቀሰኝም። ሥራዬን አቃለለብኝ። ሥራዬ ሲቃለል ደግሞ ዝም ማለት አልችልም።

"የት ላይ ነው ያጠረው? በልኩ ነው የሠራሁት።"

"በድሮው ልክ ነው። አንተ ከተውከው ወዲህ እኮ አድጓል። ቀና ብለህ ሳታየው አፈር ጭነህ ነው የተመለስከው።"

እውነቱን ነው። መሬት መሬቱን እያየሁ ገብቼ መሬት መሬቱን እያየሁ ወጥቻለሁ።

ጋቢውን አጣፍቶ አልጋው ዳር ተቀመጠ። "ኮላውን አምጣው" አለኝ። አመጣሁ። የተማረ እጅ ሥራ አያውቅም እል ነበር፤ ማሳውን እንደ ቁስል ቀስ አድርጎ መለሰው። ባቡሬን ከሐይቁ አወጣው። በኮሶው ፋንታ ረዘም ያለ ቅርንጫፍ መርጦ አቆመ። ጠጠሯን ከያዛት ሽበት ፈልቅቆ አወጣት፤ ግን አላጣበቃትም። በወረንጦ ይዞ ወደ እኔ ዘረጋት።

"ያዝ፣ ጋሼ።"

"ወገቤን..."

"ይህቺማ ወገብ አትፈልግም።"

መምሬ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። ጥሩወርቅ ማሰሮዋን እንደያዘች ናት። ወረንጦውን ትቼ ጠጠሯን በጣቴ ያዝኳት። አጎነበስኩ። ከኮሶው ወዲህ ጣልኳት። መምሬም "ተጣለ" አሉና ጠላቸውን ጠየቁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ያኔ የመለስኩትን ትልቁን ድንጋይ እዚያው ማሳ ላይ ጣልኩ። እሱን ሳነሳ እውነትም ወገቤን አመመኝ፤ ማንም አላመነኝም።

ጠቡ አለቀ ብለህ ደስ እንዳይልህ። አንለይ አሁን በየእሑዱ እየመጣ አገሬን ያርማል። በሬው ከስቷል፤ የቤቱ ጭስ ቀጥኗል፤ ከዛፉ ጀርባ ያለው አንበጣ ምንድን ነው ይላል። ባለፈው ደግሞ "ባቡሩ በመሬቴ ያልፋል፤ ለምን አይቆምልኝም?" አለ። ከኮሶው ሥር ጣቢያ ሠራሁለት። ጣቢያ ስም ይፈልጋል አለ። የክብሪት ቀፎ ክዳን ቆርጬ፣ ብዕሬን አሹዬ፣ ያንን ሁለት ዓመት ተምሬ መጀመሪያ ያነበብኩትን ስም በእጄ ጻፍኩበትና በኮላ አቆምኩት።

የተማረው ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ አየው።

"ፊደሉ ተጣሟል። ንቀለውና ደግመህ ጻፈው" አለኝ።

ተጣሟል፤ አልክድም። ግን በዚህ ቤት በኮላ የተጣበቀ ነገር የምነቅልበት ዘመን አልፏል።